የምንጩ መናፈሻ ደረጃ የማን ነው

ሰበታ መጥቶ የምንጩን መናፈሻ የሚጎበኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ደረጃው ላይ ቆሞ ፎቶ መነሳት ነው። ይነሳ፣ አልከለክልም። ከተነሳ በኋላ ግን ወደ ጓደኛው ዘወር ብሎ «ይሄ የጣሊያን ደረጃ ነው» ሲል ከሰማሁት አልለቀውም። ዕድሜዬ ሄዷል፣ ጉልበቴም አይታዘዘኝም፤ ምላሴ ግን እንደ ድሮው ነው። ጠርቼ አጠገቤ አስቀምጠውና ከመጀመሪያው እነግረዋለሁ። ቸኩያለሁ የሚል ካለ ይሂድ፤ የጣሊያን ነው ብሎ ግን አይሂድ። ለእናንተም ለእሱ የምነግረውን ነው የምነግራችሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ሱቄ ከመናፈሻው በር ፊት ለፊት፣ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበረች። ስለ ራሴ ማውራት አልወድም የሚል ሰው ሞልቷል፤ እኔ እወዳለሁ። ከሰበታ እስከ ቡራዩ ቀሚስ በመቁረጥ የሚስተካከለኝ አልነበረም። የሱሉልታ ሙሽሮች ሳይቀሩ አዲስ አበባን አቋርጠው መጥተው እኔ ጋ ያሰፉ ነበር። የሰፋሁት አይተረተርም፣ የቋጠርኩት አይፈታም። ይህን የምለው ለጉራ ብቻ አይደለም፤ ቋጠሮው በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

ከስፌት መኪናዬ ቀና ባልኩ ቁጥር የሚታየኝ መናፈሻው ነው። መናፈሻ ሲባል የተቀባ አጥርና የአበባ መደብ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። የእኛው እንደ ጋቢ ነው፤ አንዱን ድርብ ስትገልጡት ሌላ ድርብ ታገኛላችሁ። ከሁሉ በታች ምንጩ አለ። ከምንጩ በላይ ዋርካው ነው። የወጨጫ ተራራ ኦሮሞዎች ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ እዚያ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነገር ሲቆርጡ የኖሩ ናቸው፤ ክረምቱ ሲወጣም እርጥብ ሣር ይዘው ወደ ውሃው ይወርዳሉ። ከዋርካው ጎን አንድ የድሮ መኮንን ድንኳን ተክለው የከረሙበት የድንጋይ ካብ አለ፤ የትኛው መኮንን እንደሆኑ ግን ሁለት ሰው ተስማምቶ አያውቅም። ከዚያ ጣሊያን መጣ። ኮረብታው ጫፍ ላይ ለሹሙ ቤት አሠራ፣ ጽጌረዳ አስተከለ፣ ከምንጩ እስከ ቤቱ ድረስ በጥርብ ድንጋይ ደረጃ አስደረደረ። ጣሊያን ሲሄድ ቤቱ ተቃጠለ፣ ደረጃው ቀረ።

ጃንሆይ ከተመለሱ በኋላ አግዳሚ ወንበር ገባበት፣ በር ቆመለት፣ መናፈሻ ተባለ። እሑድ እሑድ ሙሽሮች ይመጡበታል። በዒድ ቀን የሙስሊም ነጋዴዎቹ ቤተሰብ ምንጣፉን ዘርግቶ ልጆቹን አሰልፎ ይውልበታል። የፈተና ሰሞን ተማሪው ደብተሩን ይዞ ዋርካው ሥር ይርመሰመሳል። ሁሉም የየራሱን ድርብ ይዞ ነበር የሚኖረው፤ ማንም ማንን ገፋ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

የእኔና የአክስቴ ድርብ ደረጃው ነበር።

አባቴን አላውቀውም። እናቴ እኔን ወልዳ ሳትነሳ ሞተች። አባቴ ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ በጣሊያን ጊዜ ከቤት አውጥተው ደረጃውን እንዲሠራ ወሰዱት። ያሳደገችኝ አክስቴ፣ የአባቴ እህት ናት። እኔን አዝላ በየቀኑ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ እስከ አጥሩ ድረስ ትወስድለት ነበር። ማለፍ ክልክል ስለሆነ ቆሎውን ለዘበኛ ትሰጥና ከአጥሩ ማዶ ቆማ በሩቁ ሲጠርብ፣ ሲሸከም፣ ሲያስቀምጥ ታየዋለች። አንድ ቀን ዘበኛው ቆሎውን አልተቀበላትም። «ይዘሽው ተመለሽ» አላት። ሞቷል ማለቱ ነው። ከሌሎች ጋር አብረው ቀብረውታል ተባለ፤ የት እንደሆነ የሚናገር ግን ያኔም አልተገኘ፣ ጣሊያን ከወጣም በኋላ አልተገኘ።

መቃብር የሌለው ሰው ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ተዝካሩን አወጣችለት፣ ፍትሐቱን አስደረገችለት። ታዲያ ስትናፍቀው የት ሄዳ ታልቅስ? እጁ ያረፈበት ነገር በዚህ ዓለም ላይ የቀረው ያ ደረጃ ብቻ ነው።

ስለዚህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቤት ሳትገባ ቀጥታ ወደዚያ ትሄዳለች። አታለቅስም፣ አፍ አውጥታም አትጸልይም። ዝም ብላ ትቀመጥና ድንጋዩን በመዳፏ ትዳብሰዋለች። አንድ የሚገርመኝ ነገር ነበር፤ ቦታ ትለዋውጣለች። አንድ እሑድ ታች፣ አንድ እሑድ መሀል፣ አንዳንዴ ደግሞ እያለከለከች እስከ ላይ ድረስ ወጥታ። «አንድ ቦታ አርፈሽ አትቀመጪም እንዴ?» ስላት «አንቺ ስፌትሽን ስፊ» ትለኛለች። ከፀሐይ እየሸሸች ነው ብዬ ተውኳት።

እንዲህ ስንኖር፣ አንድ ዓመት የሚያዝያ ሃያ ሰባት በዓል ሊደርስ ሰሞን የበዓል አዘጋጅ ኮሚቴው ጸሐፊ ሱቄ መጣ። ወጣት ነው፤ ከረባቱን አጥብቆ ያስራል፣ ጸጉሩን ወደ ኋላ ያበጥራል። ክፉ ልጅ አልነበረም። ከመናፈሻው በር ጀምሮ እስከ ኮረብታው ጫፍ የሚደረደር ባንዲራ እንድሰፋ አዘዘኝ። ጨርቁን እየለካሁ «ዘንድሮ ምን አዲስ ነገር አላችሁ?» አልኩት።

«ዘንድሮማ ታሪክ ነው የምንሠራው» አለኝ። «የጣሊያንን ደረጃ እናፈርሰዋለን። የመጀመሪያውን ባላምባራስ በመዶሻ ይመታሉ፣ ሕዝቡ ይጨርሰዋል። በቦታው ምርጥ የሲሚንቶ መንገድ ይወጣበታል።»

መቀሱ እጄ ላይ ቀረ። ልጁ የእኔን ነገር ስለማያውቅ ዝምታዬን ከደስታ ቆጥሮት እየፈገገ ሄደ።

ባላምባራስ የሚላቸው የኮሚቴው ሊቀመንበር ናቸው። አምስቱን ዓመት ዱር ያደሩ አርበኛ፣ ነጭ ሪዛም፣ ሲሄዱ መንገዱ የሚጠብባቸው ሽማግሌ ነበሩ። ከተማው ይፈራቸዋል፣ ይወዳቸዋልም። እሳቸው ይፍረስ ካሉ ይፈርሳል። ደግሞስ ማን ይቃወማል? የጠላት ሥራ ሊፈርስ ነው እየተባለ ሁሉም ሰው ደስ ብሎት ነበር። እውነቱን ልናገርና እኔም የአባቴ ነገር ባይኖርበት እልል እያልኩ ነበር ባንዲራዬን የምሰፋው።

ለአክስቴ ስነግራት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። መክተፏን አላቆመችም።

«ለመቼ ነው?» አለችኝ።

«ለበዓሉ ዕለት። መዶሻና ዲጅኖው ግን በዋዜማው ነው የሚገባው። ባላምባራስ ራሳቸው ቆመው ያያሉ።»

«ራሳቸው ናቸው የሚቆሙት?»

«ራሳቸው።»

«እንኳን እሳቸው ሆኑ» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ ብጠይቃት ሽንኩርቱን ድስት ውስጥ ጨመረች። እኔ በበኩሌ አለቀልን ብዬ ነበር፤ ከባላምባራስ ጋር ተሟግቶ የረታ ሰው ሰበታ ላይ አይቼ አላውቅም።

በዋዜማው ጠዋት የቀን ሠራተኞቹ ዲጅኖና መዶሻቸውን ተሸክመው መጡ። ባላምባራስ በካኪ ልብሳቸው ላይ ነጠላ ደርበው ከደረጃው ግርጌ፣ ሣሩ ላይ ቆመዋል። ጸሐፊው አጠገባቸው አለ። ትልቁን መዶሻ ከአንዱ ሠራተኛ ተቀበሉና ክብደቱን እየመዘኑ «እስቲ ልሞክራት» አሉ። እኔ ከሱቄ በር ሆኜ ሳይ አክስቴ አጠገቤ የለችም። መንገዱን አቋርጣለች፤ እኔም ተከተልኳት።

ስትደርስ አልጮኸችም። በተለመደው ድምጿ «በሕግ አምላክ» አለች። «በንጉሥ አምላክ፣ ባላምባራስ፣ ይቁሙ።»

የዛሬ ልጆች ይህን አታውቁትም። በድሮ ጊዜ ተበደልኩ የሚል ሰው ፖሊስ ፍለጋ አይሄድም። «በሕግ አምላክ» ካለ፣ የተባለው ሰው ጌታም ይሁን ሎሌ ባለበት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ የሁለቱ ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል፤ ቁራኛ ይባላል። እንደተቋጠሩ መንገድ ዳር ይቀመጡና የሚያልፈውን ሰው «ዳኛ ሁነን» ይሉታል። ያም ሰው ነገራቸውን ሰምቶ ይፈርዳል፤ ካልተፈረደ ቋጠሮው አይፈታም። በእኔ ጊዜ ይህ ሁሉ ቀርቶ ነበር። ሕጉ በመጽሐፍ ወጥቷል፣ ፍርድ ቤት ተከፍቷል፣ ጠበቃው ካባውን ለብሷል። እኔ ራሴ ቁራኛን የማውቀው በወሬ ነው።

ጸሐፊው ሳቀ። «እማማ፣ ይሄ እኮ ድሮ ቀርቷል» አላት፤ በትሕትና ነው የሚያወራው። «አቤቱታ ካለዎት ከበዓሉ በኋላ ቢሮ ይምጡ።»

«ዝም በል አንተ» አሉት ባላምባራስ። መዶሻውን ቀስ አድርገው ሣሩ ላይ አስቀመጡት። ፊታቸው ቀልቷል፣ ግን ካሉበት ንቅንቅ አላሉም። «በንጉሥ አምላክ ተብያለሁ። አልሰማሁም ብዬ የት እሄዳለሁ?»

የአክስቴ ነገር ያኔ ገባኝ። ጸሐፊው ቢሆን ኖሮ ቃሏን ተራምዷት ይሄድ ነበር። ባላምባራስ ግን በዚያ ቃል ያደጉ ናቸው፤ መድፍ የማያቆማቸው ሰውዬ በዚያች ቃል ይቆማሉ። እንኳን እሳቸው ሆኑ ማለቷ ለካ ይኸው ነው። ኮራሁባት።

«የሚቋጥረን ማን ነው?» አሉ ባላምባራስ።

«እኔ» አልኩና ገባሁ። የእሳቸውን ነጠላ ጫፍና የአክስቴን ነጠላ ጫፍ ይዤ በልብስ ሰፊ ወግ ቋጠርኩት።

«አልበዛም እንዴ ልጄ? አጠበቅሽው» አሉኝ።

«ሥራዬ ነው ባላምባራስ» አልኳቸው።

ሁለቱ ተቋጥረው ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ዳኛ ግን በቀላሉ አልተገኘም። መጀመሪያ የመርካቶ አውቶቡስ ረዳት ወርዶ ነበር። ባላምባራስ ሲጠሩት ነጠላዎቹን አየና «አባባ፣ ሰዓት አለብኝ» ብሎ ተመልሶ ተንጠለጠለ። ቀጥሎ ከሱቄ ጎን ያሉት ሸቀጥ ነጋዴ ሐጂ መጡ። እሳቸው ደግሞ «እኔ ለሁለታችሁም ስኳር እሸጣለሁ» አሉ። «ዛሬ ብፈርድ ከነገ ጀምሮ አንደኛችሁ ሻይ ያለ ስኳር ልትጠጡ ነው። አይሆንም።» ይልቅ ከሱቃቸው ሁለት በርጩማና ሻይ አስመጡላቸው።

ያ ሻይ ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። አክስቴ ብርጭቆዋን ስታነሳ የባላምባራስ ትከሻ አብሮ ይነሳል። እሳቸው ሪዛቸውን ሲያብሱ የእሷ ነጠላ ከራሷ ላይ ይወርዳል። «ቀስ በይ እንጂ፣ አንገት እኮ ነው» ይላሉ። «እርስዎም ብዙ አይወዛወዙ» ትላለች። ካፊያ ሲጀምር የሐጂን ጃንጥላ ለሁለት ያዙ። ሠራተኞቹ ዲጅኗቸውን አጋድመው ተቀምጠው ያያሉ፣ ተማሪዎች ተሰብስበዋል፣ እኔም ባንዲራዬን ይዤ ወጥቼ እዚያው በእጄ እየሰፋሁ ነው። ዝም ማለት አልሆነልኝም። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ» አልኩ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው።

ባላምባራስ አንገታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ማን ነው የፈራው?» አሉ። አክስቴ በነጻው እጇ ጉልበቴን ቆነጠጠችኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

እንዲህ እንዳለን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ገብስ የጫነ አህያ እየነዱ ከወጨጫ በኩል ወረዱ። አክስቴ ኦሮምኛ እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። «ኦቦ፣ አከም ጅርቱ?» ብላ፣ ጋሼ እንደማለት ጠርታ፣ ሰላም አለቻቸው። «ነጋ፣ ገለታ ዋቃ» ብለው ፈጣሪን አመስግነው ቆሙ። ነገሩን በኦሮምኛ ነገረቻቸው። ሰውዬው ወደ ቋጠሮው አዩ፣ ወደ ዋርካው ቀና አሉ። አልሳቁም።

«አህያዬን ማን ይይዝልኛል?» ብቻ ነው ያሉት።

እኔ ያዝኩላቸውና የሱቄ በር ላይ አሰርኩት። ኦቦ ከምንጩ ዳር የሰላም ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ነጭተው ለአክስቴም ለባላምባራስም አስያዙ። ጀርባቸውን ለዋርካው ሰጥተው ተቀመጡ። «አባቴ እዚህ ቁጭ ብሎ ሲፈርድ አይቻለሁ» አሉ በአማርኛ። «እኔ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ቀስ ብላችሁ ንገሩኝ።» ዋርካው ከስንት ጊዜ በኋላ ወደ ጥንት ሥራው ተመለሰ። እኔም መርፌዬን አቆምኩ።

አክስቴ ጀመረች። «ይህን ደረጃ የሠራው ጣሊያን አይደለም። ጣሊያንማ ጥላ ሥር ቆሞ አለንጋ ይዞ ነበር። የሠራው ወንድሜ ነው፣ ከመሰሎቹ ጋር። ሠርቶ ሳይጨርስ ሞተ። የት እንደቀበሩት የነገረኝ የለም። ሄጄ የምቀመጥበት መቃብር የለኝም፤ ያለኝ ይህ ነው። እሳቸው ይህን ሊያፈርሱብኝ ነው።»

ጸሐፊው እንኳ ከረባቱን ላላ አደረገ። «ታዲያ ይሄን ለምን ቀደም ብለው አልነገሩንም?» አለ። «የወንድምዎን ድንጋይ ያሳዩን። በጥንቃቄ አንስተን፣ በጋሪ ጭነን ቤትዎ ድረስ እናመጣልዎታለን።»

«ደግ ብሏል» አሉ ሠራተኞቹ። ሐጂም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ልቤ ቀለል አለኝ፤ ደጃችን ላይ ስናስቀምጠው ሁሉ ታየኝ።

«አይሆንም» አለች አክስቴ።

«ሁለትም ሦስትም ቢሆን እኮ እናነሳለን፣ እርስዎ ብቻ ያሳዩን።»

«አይሆንም አልኩህ ልጄ።»

ተናደድኩባት። ጎንበስ ብዬ «ምን ነካሽ? እየሰጡሽ እኮ ነው» አልኳት በጆሮዋ። ሣሩን እጇ ላይ እየጠቀለለች ወደ ምንጩ ታያለች።

ተራው የባላምባራስ ሆነ። እንደ በዓል ንግግር ይደነፋሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን መሬት መሬቱን እያዩ በዝግታ ነው የተናገሩት። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ተይዤ ሲያመጡኝ ይህ ደረጃ ገና አዲስ ነበር። ሌሊቱን በእግር ነድተውናል። ደክሞኝ የታችኛው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ለካ ለአገሬው ክልክል ነው፣ የነጭ መርገጫ ነው። ልብሴን አስወልቀው፣ የአገሬ ሰው እያየኝ፣ እንደ ሌባ ገረፉኝ። ኋላ አምልጬ ወደ ዱር ተመለስኩ፣ ስንት ቦታ ቆሰልኩ፣ ሁሉም ድኗል። ይህ አልዳነም። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ይህን ደረጃ ረግጬው አላውቅም። ወደ ላይ መውጣት ሲኖርብኝ በጭቃው በኩል ዞሬ ነው የምወጣው።»

እውነታቸውን ነው። እኔ ምስክር ነኝ። ክረምት ከበጋ በዚያ ዳገት ከዘራቸውን እየተከሉ፣ እየተንሸራተቱ ሲወጡ ከመስኮቴ ስንት ጊዜ አይቻቸዋለሁ። የሽማግሌ ግትርነት ነው ብዬ ከሙሽሮቹ ጋር ስቄባቸዋለሁ። አሁን ግን አዘንኩላቸው። በልቤ ስፈርድባቸው ነበር የዋልኩት፤ ከዚያ በኋላ አልቻልኩም። ማንም ፈራጅ ቢሆን ከሁለቱ አንዱን ማስከፋቱ ነው ብዬ ፈራሁ።

ኦቦ ወደ ባላምባራስ ዞሩ።

«የመታዎት ድንጋዩ ነው አለንጋው?»

«አለንጋው።»

«አለንጋውን የያዘውስ?»

«ጣሊያን ነዋ።»

«አሁን የት ነው ያለው?»

ባላምባራስ ቀና አሉ። «አባረርነው» አሉ።

«ዱጋ፣ እውነት ነው። አባራችሁታል። ድንጋዩን ያስቀመጠውስ ማን ነው?»

ባላምባራስ ደረጃውን ከታች እስከ ላይ በዓይናቸው ተከተሉት። «የእኛው ሰዎች ናቸው» አሉ በመጨረሻ።

«እንግዲያው የሚባረረው ተባሯል፣ የቀረው የእኛ ነው» አሉ ኦቦ። «ደረጃው አይነካም።» ከዚያ ወደ አክስቴ ዞሩ። «አንቺ ግን ረታሁ ብለሽ እንዳትሄጂ። እኚህ ሰው ከዚህ ደረጃ ላይ ተገፍተዋል። አንቺ በየሳምንቱ ስትቀመጪበት እሳቸው ጭቃ ለጭቃ ይዞራሉ። ይህ ልክ አይደለም። ስለዚህ አሁን፣ ቋጠሮው ሳይፈታ፣ አብረሽ ታወጪያቸዋለሽ። ጫፍ ስትደርሱ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ተስማማችሁ?»

«ተስማምቻለሁ» አለች አክስቴ።

ባላምባራስ የያዙትን ሣር አገላብጠው አዩት። «ፍርድ ነው፣ እሺ» አሉ።

ሁለቱም ተነስተው ደረጃው ግርጌ ቆሙ። ሰዉ ሁሉ ከኋላ ተሰብስቧል። ባላምባራስ ቀኝ እግራቸውን አነሱ። ጫማቸው ድንጋዩን ሊነካ ሲል መልሰው ሣሩ ላይ አደረጉት። አልቻሉም፣ ይቅርብኝ ሊሉ ነው አልኩ በልቤ። ጸሐፊው መዶሻው ወዳለበት ሲመለከት አየሁት።

ባላምባራስ ግን ወደ አክስቴ ዞሩ። «የትኛው ነው?» አሏት።

«ምኑ ነው የትኛው?»

«የወንድምሽ ድንጋይ። ረግጬው እንዳላልፍ።»

ቀኑን ሙሉ ያልተሰበረው የአክስቴ ድምፅ እዚህ ላይ ተሰበረ። «ባላውቀው እኮ ነው ባላምባራስ» አለች። «ከአጥሩ ማዶ ነበርኩ። ሲያስቀምጥ ይታየኛል፣ የትኛውን እንዳስቀመጠ አይታየኝም። ባውቀውማ ይህን ልጅ እሺ ብዬ አንዱን አስጭኜ እሄድ ነበር። ስለማላውቀው ነው ሁሉንም የያዝኩት።»

እሑዶቿ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፊቴ ላይ መጡ። ታች፣ መሀል፣ ላይ። እዚያው፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ አለቀስኩ፤ ምንም አላፈርኩም።

ባላምባራስ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር መፍታት ጀመሩ። ነጠላው ስለያዛት አክስቴም አብራ ጎንበስ አለች፤ አንዱን ክር እሷ ፈታችላቸው። ጫማቸውን ሣሩ ላይ ትተው ባዶ እግራቸውን በታችኛው ደረጃ ላይ አኖሩ። ከዚያ ሁለቱም በጣም ቀስ እያሉ፣ በየደረጃው ትንሽ እየቆሙ እስከ ጫፍ ወጡ። እልል ያለ አልነበረም፣ ያጨበጨበም አልነበረም። ወንዶቹ ግን አንድ ባንድ ኮፍያቸውን አውልቀዋል።

ጫፍ ላይ ቋጠሮውን ሊፈቱ ቢታገሉ አልሆነላቸውም፤ ካፊያው ደግሞ ይበልጥ አጥብቆታል። ጸሐፊው መቀስ ላምጣ ቢል ባላምባራስ «ቁራኛ በመቀስ አይፈታም» ብለው ከለከሉት። እንደተቋጠሩ ተመልሰው ወረዱ፣ መንገዱን አቋርጠው ሱቄ ገቡ፤ በወፍራም መርፌ ፈልቅቄ የፈታሁት እኔ ነኝ። ኦቦ የዳኝነት ተብሎ ሻይ ሲቀርብላቸው ቁመው ጠጡና አህያቸውን ፈትተው ወደ ገበያቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አይተናቸው አናውቅም።

በማግስቱ በዓሉ እንደታሰበው ተከበረ። ባንዲራዬ በደረጃው ግራና ቀኝ ተደረደረ። ባላምባራስ ንግግራቸውን ያደረጉት ደረጃው ላይ ቆመው ነው። «ይህ የእኛ ሰዎች ሥራ ነው፤ የጣሊያን ነው የሚል ካለ ከእኔ ጋር ይቋጠር» ሲሉ ሕዝቡ ሳቀ፤ እሳቸው ግን ቀልዳቸውን አልነበረም። ከዚያ በኋላ በጭቃው በኩል ሲዞሩ አይቻቸው አላውቅም። ደረጃው ሲዛነፍ ጠጋኝ የሚያቆሙትም፣ ሣር ሲበቅልበት ጸሐፊውን የሚቆጡትም እሳቸው ሆኑ። አንዳንድ እሑድ አክስቴ አንዱ ደረጃ ላይ፣ እሳቸው ከእሷ ሁለት ሦስት ደረጃ ወረድ ብለው ተቀምጠው አይ ነበር።

አሁን ሁለቱም የሉም። ሱቄም የለችም። ዋርካው አለ፣ ምንጩ አለ፣ ደረጃው አለ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እሄድና እቀመጣለሁ። በቀደም አንዲት ፎቶ የምትነሳ ልጅ ለካ ልብ ብላ ታየኝ ኖሯል። «እማማ፣ ባለፈው እታች ነበሩ፣ ዛሬ ደግሞ እዚህ። ከፀሐይ እየሸሹ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም ልጄ» አልኳት፤ «አባቴን እንዳላልፈው ነው።»